«ነይ» ያሉኝ መስሎኝ

ሳልጠራ ሰው ቤት የምሄድ ሴት አይደለሁም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ከታች የምታነቡት ነገር ሌላ ሴት እንዳያስመስለኝ ነው። እናቴ «ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት» የምትባል ሰው እንዳልሆን ቆንጥጣ አሳድጋኛለች። ሎንደን ከገባሁ ወዲህማ ጭራሽ ብሶብኛል። እዚህ አገር ሰው ለመጠየቅ ከወር በፊት ቀጠሮ ይያዛል፤ ቀኑ ሲደርስ ከሁለት አንዱ «ይቅርታ፣ አልተመቸኝም» ብሎ ቴክስት ያደርጋል፤ ሌላውም በልቡ ተመስገን ይላል። በዚህ ዓይነት እየተከባበርን፣ ሳንተያይ እናረጃለን።

እንግዲህ ይህቺው ጨዋ ሴት ናት ሃርልስደን በምትባል የሎንደን ሰፈር አንዲት ህንዳዊት አዛውንት ቤት፣ ሴትዮዋ በገዛ ቋንቋቸው «አትምጪብኝ» እያሏት፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ዶሮ ወጥ ተሸክማ ስትመላለስ የከረመችው።

ሴትዮዋን ባ እንላቸዋለን። ባ በጉጃራትኛ «እናት» ማለት ነው፤ ልጃቸው ኪሪት እንዲህ ሲጠራቸው ሰምቼ እኔም ባ አልኳቸው። ኪሪት ከቤቴ ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀው ቤት ባለቤት ነው። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሴኩሪቲ ይሠራል፤ ሲያየኝ «አንቲ» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ እያለኝ መስሎኝ፣ የአገሬ ልጆች የነፈጉኝን ክብር ከህንድ አገኘሁ ብዬ ኮርቼ ነበር። «አክስቴ» ማለቱ እንደሆነ ሲገባኝ ኩራቴ በግማሽ ቀነሰ።

ባን ያመጣቸው አባቱ ሲሞቱ ነው። እናቴ ብቻዋን እንዳትቀር ብሎ ከመንደራቸው ነቅሎ አመጣቸው። እሱና ሚስቱ ጠዋት ወጥተው ማታ ስለሚገቡ፣ ብቻቸውን እንዳይቀሩ የመጡት ሴት ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ሆኑ። በነጭ ሳሪያቸው ላይ የልጃቸውን ሰፊ ጃኬት ደርበው፣ ነጠላ ጫማ በካልሲ አድርገው፣ በራቸው ላይ ቆመው መዳፎቻቸውን አጋጥመው ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ ይሰጡ ነበር። አላፊ አግዳሚው ስልኩን እያየ ያልፋል። ትንሽ ቆይተው በር ላይ መቆሙን ተዉት። ከዚያ በኋላ በመስኮት ብቻ ነበር የማያቸው፤ የቆሻሻ መኪናውን እንደ ዘመድ ይጠብቁት ነበር።

አንድ ቀን ከጽዳት ሥራዬ ስመለስ ባ ቀኑ ያልሆነውን የቆሻሻ ቢን እየጎተቱ ወደ መንገድ ሲያወጡ አገኘኋቸው። እዚህ አገር የቢን ቀን መሳሳት ቀላል ወንጀል አይደለም። ልረዳቸው ጠጋ ስል ደነገጡና፣ መዳፋቸውን ወደ መሬት ደፍተው ጣቶቻቸውን እያራገቡ፣

«ነይ፣ ነይ፣ ነይ!» አሉኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ህንዳዊት አሮጊት በአማርኛ፣ ያውም በአገራችን የእጅ አጠራር፣ ነይ! ወዲያው ትዝ ያሉኝ ልጅ ሳለሁ ሂሳብ ያስተምሩን የነበሩት ህንዶች ናቸው። እኚህ ሴት የአንዱ አስተማሪ ሚስት ሆነው ጅማ ወይም ደሴ ኖረዋል ማለት ነው አልኩ። «ኢትዮጵያ ነበሩ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ባ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ይህ ውዝዋዜ በእነሱ አገር እሺም፣ እንጃም፣ እግዜር ይወቀውም ሊሆን እንደሚችል ያኔ አላውቅም። ቢኑን ቀማኋቸውና ተከትያቸው ቤታቸው ገባሁ።

ፋሲካ ሲደርስ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ብዬ፣ ዶሮ ወጤን በድስት ይዤ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ባ የአማልክታቸው ሥዕሎች ከተደረደሩበት ጥግ ፊት ተቀምጠው እየጸለዩ ነው። ጫማዬን አዩ። የድስቱን ክዳን ከፍቼ ዶሮዋን ሳሳያቸው ደግሞ ተስፈንጥረው ተነሡ።

«ነይ! ነይ! ነይ!»

ቀረብኩ።

«ነይ! ነይ! ነይ! ነይ!»

እንዴት ያሉ እንግዳ ተቀባይ ናቸው እያልኩ ይበልጥ ቀረብኩ። እሳቸው ወደ ኋላ፣ እኔ ወደ ፊት፣ እንዲህ እያልን ግድግዳው ጋ ደረስን። ድስቱን ከአማልክቱ ሥር፣ መብራታቸው አጠገብ አስቀመጥኩት። ባ በሳሪያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። አገራቸው ትዝ ብሏቸው ነው ብዬ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ኪሪት ድስቱን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ፣ ክንዱን ከሰውነቱ አርቆ ይዞት መጣ። «አንቲ፣ በጣም እናመሰግናለን፤ ግን እኛ ቤት ሥጋ አይገባም» አለኝ። ሌላውን አልነገረኝም። ክፍሉን ሲያጥቡ እንዳመሹ የሰማሁት ኋላ ነው። ይህ ጨዋነት የሚሉት ነገር ስንቱን ሰው አሳስቶ ይሆን!

ሥጋ ካልበሉማ ቀላል ነው አልኩ፤ እኛ ስንት የጾም ወጥ እያለን! የጓሮ አጥራችን ሁለት ጣውላው ወድቆ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። በዚያ አንገቴን አስግጌ «ባ፣ ሽሮ ይወዳሉ?» ብላቸው ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። «ሺሮ! ሺሮ!» አሉ እያጨበጨቡ። ሲንተከተክ የዋለ ሽሮዬን ሰጠኋቸው። አንዴ ቀመሱ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ውሃ ፍለጋ ሮጡ። በማግስቱ የራሳቸውን ሺሮ በቆርቆሮ ዕቃ ይዘውልኝ መጡ። እንጀራ ላይ ገለበጥኩት። ስኳር ነው፤ ቅቤ ነው፤ ዘቢብ ጣል ጣል ተደርጎበታል! ለካ በእነሱ አገር ሺሮ ከስንዴ የሚሠራ ጣፋጭ ነው። አንዴ እንጀራው ላይ ገብቷል፣ ምን ይደረጋል፣ እንጀራ በዘቢብ በላሁ።

ጥቂት ቆይተው ባ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉና «ዳቦ? ዳቦ?» አሉኝ። ርቧቸው ነው ብዬ ሮጬ ዳቦ ገዛሁላቸው። ተቀብለው ራሳቸውን ወዘወዙ። በማግስቱም «ዳቦ?»። ትልቁን ገዛሁ። በሌላው ቀንም «ዳቦ?» ሲሉኝ የፈረንጁ ዳቦ አልጥም ብሏቸው ይሆናል ብዬ ራሴ አቡክቼ ጋገርኩ። ባ የጋገርኩትን ታቅፈው ትክ ብለው አዩኝና፣ ዘው ብለው ኪችኔ ገብተው፣ የሺሮዋን ባዶ ቆርቆሮ ከመደርደሪያ አንሥተው አፍንጫዬ ሥር ደቀኗት።

«ዳቦ!»

ቆርቆሮዋ ናት ዳቦ! እዚያው ቆመን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ባ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ።

ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ዳቦ ዳቦ ካልሆነ፣ ሽሮም ሽሮ ካልሆነ፣ ነይስ ነይ መሆኑን ማን አረጋገጠልኝ? ግን ሰው ደስ ያለውን ነገር አይመረምርም። ሥራ ቦታ «ነይ» የምባለው መጸዳጃ ቤት ሲደፈን ነው። በደህና ቀን «ነይ» የሚለኝ ሰው አግኝቼ፣ ደግሞ ቆሜ ትርጉሙን ልመርምር?

ደግሞ እሳቸውም ይመጡ ነበር እኮ! ከሰዓት በኋላ ጓሮ ወጥቼ በስልክ ሳወራ፣ ባ ጃኬታቸውን ደርበው በቀዳዳው ይሾልካሉ። መጥተው ይቆማሉ፤ «ምን ልታዘዝ?» የሚሉ ይመስላሉ። ወንበር እሰጣቸዋለሁ፤ ሻይ አፈላለሁ። እሳቸው በጉጃራትኛ፣ እኔ በአማርኛ እናወራለን። እኔ ስለ ሱፐርቫይዘሬ አማርራለሁ፤ እሳቸው እጃቸውን እያወናጨፉ ስለ አንድ ነገር ያማርራሉ፣ ምናልባት ስለ እኔ። አተር እንፈለፍላለን። እናቴን ካጣሁ ወዲህ ዝም ብዬ አጠገቧ የምቀመጥላት ሴት አልነበረችኝም። ወደድኳቸው፤ በቃ።

እህቴ ከአዲስ አበባ የደወለችው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። እህቴ ስትደውል ጆሮ እንጂ አፍ አያስፈልግም። ልብስ እያሰጣሁ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ «አዎ... አዎ... አዎ! አዎ! አዎ!» እላለሁ። ባ በቀዳዳው እየሮጡ መጡ። እጃቸው ዱቄት ነው። «ኧረ ቀስ ይበሉ!» ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው። ወደ ቤታቸው እያመለከቱ አንድ ነገር ይላሉ፤ «አዎ፣ ደስ ይላል፣ ዛሬ ፀሐይ ነው» እያልኩ ትከሻቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። ተነሡ። «አዎ፣ አዎ፣ ይቀመጡ» አልኩና እንደገና አስቀመጥኳቸው።

ጭሱን ያየሁት እህቴን ስሰናበት ነው።

ምድጃው ላይ ዘይት ጥደው ነበር። እሳት አደጋዎቹ በትልቁ መኪናቸው መንገዱን ዘግተው መጡ፤ ባ በር ላይ ቆመው ሰላም ሲሏቸው ዘግተዋቸው ያልፉ የነበሩት ጎረቤቶች ሁሉ በዚያን ቀን ወጥተው አዩአቸው። እግዜር ይመስገን ሰው አልተጎዳም፤ መጋረጃውና የኪችኑ ቁም ሳጥን ናቸው የተቃጠሉት። ኪሪት ከሂትሮው በዩኒፎርሙ እንዳለ ደረሰ። እናቱን ጠየቃቸው፤ መለሱለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቲ፣ እናቴ ‹ስለጠሩኝ ሄድኩ› ትላለች።»

«ማን? እኔ? ስልክ እያወራሁ ነበር እኮ!»

«ሁልጊዜ ይጠሩኛል ነው የምትለው። ዛሬ ደግሞ ደጋግመው ሲጠሩኝ አደጋ ደርሶባቸው መስሎኝ ዘይቱን ትቼ ሮጥኩ ትላለች። ‹አዎ› ብለዋል?»

«አዎ!» አልኩ። ባ ወዲያው ወደ እኔ ተጠጉ።

ኪሪት ግንባሩን ያዘ። «አንቲ፣ በእኛ ቋንቋ ‹አዎ› ማለት ‹ይምጡ› ማለት ነው።»

ስንት ሺህ አዎ ብያለሁ! ቀጥሎ የመጣልኝን ጥያቄ ባልጠየቅኩት ደግ ነበር።

«‹ነይ›ስ?»

«‹አይሆንም› ማለት ነው። ምነው?»

ቢኑ፣ ጫማዬ፣ ዶሮዋ፣ ግድግዳው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ድቅን አሉ። አገሬ ምድር አፉን ከፍቶ ይዋጠኝ ይባላል፤ የሎንደን ምድር አስፋልት ስለሆነ እዚያው እንደቆምኩ ቀረሁ። «እንግዲያ ለምን አላባረሩኝም? ጠይቃቸው!» አልኩት። ጠየቃቸው። ባ መለሱ።

«‹በየቀኑ አባረርኳት፤ እሷ ትመጣለች። በኋላ ለመድኳት፤ ስትቀር ይጨንቀኛል› ነው የምትለው» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አዎ ላልል ማልኩ። በምትኩ እኛ ወደ ውስጥ ትንፋሽ ስበን «እህ» የምንላትን ያዝኩ። ባ አስም የያዘኝ መስሏቸው ጀርባዬን ይደልቁኝ ጀመር።

ነገሩ ግን ከእኛ እጅ ወጥቶ ነበር። አንዱ ጎረቤት ለወረዳው አስተዳደር፣ ለካውንስሉ፣ ደውሏል። የመጣችው ሶሻል ወርከር ላፕቶፕ የያዘች ትሕትና ያላት ልጅ ናት። ባ እሳት ላይ የጣዱትን ይረሳሉ፣ ምክንያቱን ሳያውቁ ከቤት ይወጣሉ፣ ብቻቸውን መሆን አይችሉም፣ ኬር ሆም፣ የአዛውንቶች መጦሪያ፣ ይግቡ ተባለ። እኔ ቆሜ ተሟገትኩ። «አልረሱም! እኔ ነኝ የጠራኋቸው፣ ግን አልጠራኋቸውም። የኔ ‹አዎ› በእሳቸው ቋንቋ ‹ይምጡ› ነው፤ የእሳቸው ‹አይሆንም› በኔ ቋንቋ ‹ነይ› ነው። ስለዚህ አይሆንም ሲሉኝ እሄዳለሁ፤ አዎ ስል ይመጣሉ። ዳቦ ደግሞ ቆርቆሮ ነው።» ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው እንግዲህ።

ልጅቷ መጻፏን አቆመች። በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «እርስዎስ የሚኖሩት ብቻዎን ነው?» አለችኝ።

ትንሽ ብቀጥል ኖሮ ለእኔም አልጋ ይፈለግልኝ ነበር።

ኪሪት ላይ ጮህኩበት። «እናትን ሰው ለማያውቀው ሰው ይሰጣል?» አልኩት። «ሥራዬን ልተው አንቲ? ቤቱን ማን ይከፍላል?» አለኝ። «እኔ እጠብቃቸዋለሁ» አልኩ። «ጠዋት እርስዎም ሥራ ላይ ነዎት። ደግሞ...» ብሎ ተወው። ደግሞ ከምድጃው ያስነሣቻቸው ማን ሆነችና ነው? አልጨረሰውም፤ እኔ ግን ጨረስኩት። ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ይህ ልጅ ግን እናቱን እያየ የሚያለቅስ ልጅ ነው።

የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። የመኪናው ሞተር ተነሥቷል፤ ሻንጣው ገብቷል። ባ የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጭምድድ አድርገው ይዘው ልጃቸው ቢለምን፣ ምራታቸው ብትለምን አልላቀቅም አሉ። እኔ የበሩ ደፍ ላይ ቆሜያለሁ። አዩኝ።

«ነይ» አሉ። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ።»

ያን ያህል ጊዜ ስሰማው የኖርኩትን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በባ ቋንቋ ሰማሁት። አይሆንም። አልሄድም። እምቢ።

ኪሪት እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ። «አንቲ፣ እባክዎ፣ እርስዎ አብረውን ቢሄዱ ትረጋጋለች። ይሄዳሉ?»

ሰው ሲጠየቅ ምን ይላል? ከተወለድኩ ጀምሮ የምለውን ነዋ። «አዎ» አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። አፌን በእጄ ብይዘውም አልመለስኩትም። ባ ቀና ብለው አዩኝ። መደገፊያውን ለቀቁ። ጃኬታቸውን አስተካክለው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ፣ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና ክንዴን ያዙ። ጠርቻቸዋለሁ እኮ! ጨዋ ሴት ናቸው፤ ሲጠሩ ይመጣሉ። መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው ቀበቶአቸውን ሲያስሩላቸው እንኳ ክንዴን አለቀቁም። ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቁኝም፤ የጠራኋቸው እኔ ስለሆንኩ ቤቴ የምወስዳቸው መስሏቸው ይሆናል።

ኬር ሆሙ ከሰሜን ሎንደኑ ኤድመንተንም አልፎ ነው። ከሃርልስደን አውቶቡስ ስቀያይር ግማሽ ቀን ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አትምጡ፣ ይልመዱ አሉን። ልመዱ የተባሉት ይልመዱ ብለን ቆየን።

ስሄድ አንዲት ፈገግተኛ ሠራተኛ ተቀበለችኝ። «እንዴት እንደለመደች ብታይ! መጀመሪያ ትንሽ ትጮህ ነበር። አሁን ምንም አታስቸግርም» አለችኝ። ባ ትልቅ ቴሌቪዥን ፊት ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጠዋል። ሳሪ ለማልበስ ጊዜ ይወስዳል ብለው ሱሪ አልብሰዋቸዋል። ጸጉራቸው አጭር ተቆርጧል። አጠገባቸው ያለው ሳህን ላይ የተፈጨ ድንች አለ፤ አልተነካም።

ተንበረከክሁ። «ባ፣ እኔ ነኝ። ያውቁኛል?» አልኩ በእንግሊዝኛ።

«የስ» አሉ ባ። ፈገግ አሉ።

በደስታ ዘለልኩ! እንግሊዝኛ ተምረዋል!

«በልተዋል?»

«የስ።»

«ርቦዎታል?»

«የስ።»

ደስታዬ ቀዘቀዘ። «እዚህ መኖር ይፈልጋሉ?» «የስ።» «ቤትዎ ልውሰድዎት?» «የስ።» ያው ድምፅ፣ ያው ፈገግታ። ሠራተኛዋ ከኋላዬ፣ «አየሽ? ሁሉም ነገር ይስማማታል» አለች።

«ባ፣ እባክዎ ያባሩኝ» አልኩ በአማርኛ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጡኝ። ጫማዬንም አላወለቅኩም፣ ይዩት።» እግሬን አነሣሁላቸው። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ከወዲያ ማዶ ሳቀች። ባ ጫማዬን አዩ፤ ጉንጬን ዳበስ አደረጉኝ። «የስ፣ የስ» አሉኝ፣ እንደሚያባብል ሰው።

አጠገባቸው ተቀምጬ ቴሌቪዥን አየን። ሰዓት አልቋል ስባል ተነሣሁ፤ እጄ አልተነሣም። ባ በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ አጥብቀው፣ እስኪያመኝ ድረስ። ሠራተኛዋ መጥታ «ነገ ትመጣለች የኔ ቆንጆ» እያለች ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ታላቅቅ ጀመር።

«ልሂድ ባ?» አልኳቸው።

«የስ» አሉኝ።